አውራ ጣት

እናቴ እስክትሞት ናዝሬት ነው ያለቻት፣
እኔ አዳማ አልኳት፤
በሁለቱም ስሟ ከተማዋን ሰረቅኋት።

እህል በረንዳ ውስጥ ሚዛን ያዥ ነበርኩኝ፣
ትሁት ሰው መስዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣
በዚች አውራ ጣቴ ሳህኑን ተጫንኩኝ።
ቀስ አድርጌ ብቻ፤ ሩብ ኪሎ፣ ግማሽ፣
ከመበለት ጤፍ ላይ፣ ከአራስ ገንፎ ቀናሽ።
ብሩ ሞላ ኪሴን፤
ልጄ ስትወለድ «ዋጋዬ» ብዬ ስም አወጣሁላት፣
በስንት እንደሸጥሁት ሳላውቀው ራሴን።

አንዲት ሴት፣ ሦስት ኪሎ ገዝታኝ የሄደች፣
ሌላ ሚዛን አስይዛ ተመለሰች፤
«እስቲ ጣትህን አንሣ!»
ገበያው ሰማ። እኔም ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው ሲነገር፣
እስር ቤት፣ ፍቺ፣ አረቄ፣ የመናኸሪያ አጥር ሥር፤
ሲኖሩት ግን ረዥም፣
ፀሐዩ የሚያነድ፣ ነፋሱ አቧራ የሚያዘንም፣
«አሰግድ» ብሎ የሚጠራኝ ሳይኖር ማንም።

አንድ ቀትር ላይ ነው። የሰው ሚዛን ዘርግቶ
አንድ ልጅ ተቀምጧል፤ ሮባ ይሉታል።
«ጋሼ፣ ይመዘኑ!»
«ብር የለኝም» ስለው፣
«ይውጡ በነፃ» አለኝ፤ ልጅ መቼ ይሰስታል!
ወጣሁ።
ቀስቷ ተንቀጠቀጠች፣ አርባ ስምንት ላይ ቆመች።
በአንድ ትከሻዬ ኩንታል ያነሣሁት ሰው፣
ሳቄ መጣ፤ ሳቄም መልሳ አለቀሰች።
ያቺ የግድግዳ ጽሕፈት፣ ንጉሥ ያስደነገጠች፣
ለካ እኔንም ታውቀኛለች፤ እግሬ ሥር ተጻፈች።

«ሚዛንህ ይዋሻል» አልኩት፣ እንደ ሌባ ሁሉ፣ ሁሉን የምጠረጥር ሰው።
«ኧረ!» አለ ሮባ፣
«በየጧቱ በሁለት ኪሎ ድንጋይ ነው የምፈትነው።»
አሳየኝ፤ በፌስታል የጠቀለለው።
የአሥር ዓመት ልጅ።

ማታውን ማርያም ሄድኩ፤ ከደጀ ሰላሙ አላለፍኩም፣
አባ ዘወንጌል ወጡ፤ አረቄ አረቄ እሸት ነበርና ቀና አላልኩም።
«አባ፣ ራሴን መዘንኩት። አይረባም።»
መስቀላቸውን ከግንባሬ ሳያነሡ ሳቁ፣
«ነጋዴ ነበርኩ ትላለህ፣ ይህ እንዴት ጠፋህ?
የዕቃ ዋጋ የሚታወቀው ገዢው በከፈለው ነው፤
አንተ በስንት ተገዛህ?» ብለው ጠየቁ።
ዝም ስል፣ ጆሮዬ አጠገብ፣
«የናዝሬት ልጅ አይደለህ?
የገዛህም የናዝሬት ሰው ነው።»

ከበሩ በላይ ሥዕል አለ፣ ጧፍ የሚበራበት፣
ስንት ዓመት ሳልፍ ሳገድም ያላየሁት፤
የተዘረጋ መዳፍ፣
ከአውራ ጣቱ ሥር ሚስማር ያለፈበት።
እኔ ጣቴን የጫንኩት ከሰው ላጎድል ነበር፤
እርሱ ያንን የተወጋ እጁን
በኔ በኩል፣ በቀለለው ሳህን ላይ አሳርፎ፣
ሚዛኔን ይደፋው ነበር።
ክብርና ክብደት ለምን እንደሚመሳሰሉ
ያን ማታ ነው የገባኝ። ከዚያ በፊት ቃል ብቻ ነበሩ።

አሁን ወፍጮ ቤት ነኝ።
ማታ ማታ ቅንድቤ ዱቄት ነው፤
ባጃጅ ውስጥ ልጆች ሽማግሌ መስያቸው ቦታ ይለቁልኛል፣
እኔም እንደ ሽማግሌ እመርቃለሁ።
ዋጋዬ ስልኬን ገና አታነሣም፤ አልፈርድባትም፣
እሑድ እሑድ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አልቸኩልባትም።
ያችን የሦስት ኪሎ ሴትዮ ፈልጌ አገኘኋት፤
በሯን ዘጋችብኝ። ሃያ ኪሎ ጤፍ ደጇ ላይ ተውኩላት።
በሣምንቱ ጆንያው፣
ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ የወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል።
ምንም ቃል የለውም። ሳሙና ሳሙና ይላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሮባ ጋ እመዘናለሁ፣ ከፍዬ።
«ሃምሳ ሦስት! ጨምረዋል ጋሼ!» ይላል፤
ድንጋዩን ከደረቱ አያርቅም።

ዱቄት ስመዝን ደግሞ
ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ
ቀስቷ እስክትረጋ እጠብቃለሁ።
ከዚያ አንድ እፍኝ ከላይ።
«ይሄስ?» ይሉኛል።
«ምርቃት።»